እንዶድና የቤተ መጻሕፍቱ ዓሦች

ባሕር ዳር፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት አለ። መጽሐፉ ብዙ አይደለም፤ ጓሮው ግን ሰፊ ነው። ዋንዛው ሥር ተፈታኝ ተማሪዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይሸመድዳሉ። ከማንጎው ወዲህ ደግሞ ድሮ የውኃ ማጠራቀሚያ የነበረ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። አንድ የሰፈራችን ዓሣ አስጋሪ የቀረሶ ጫጩቶች አምጥቶ ከለቀቀበት ወዲህ የልጆች መሰብሰቢያ ሆኗል። ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ መጀመሪያ ወደ ገንዳው ነው የሚሮጡት። የዳቦ ፍርፋሪ ይጥላሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ልብሳቸው ላይ ጠረግ ጠረግ አድርገው የተረት መጽሐፍ ይዋሳሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ዓሦቹ ባይኖሩ ግማሾቹ ልጆች ደጃፉን አይረግጡም ነበር ትላለች። እኔም አምናታለሁ።

በየዓመቱ ሚያዝያ 10 ጓሮው ውስጥ የቅርስ ዝግጅት ይደረጋል። ቀኑ የሐውልቶችና የታሪካዊ ቦታዎች ቀን ተብሎ በዓለም የሚታሰብ፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1983 ያጸደቀው ነው። ቅርስ ሲባል የእኛ ሰው ልብ ወዲያው ወደ ላሊበላና ወደ ፋሲል ግንብ ይሄዳል፤ ባሕር ዳር ሲሆን ደግሞ ወደ ጣና ደሴቶች፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ። ደግ ነው፣ ይሂድ። የእናቶቻችን እጅ የሚያውቀው ሙያም ከዚያ የማያንስ ቅርስ መሆኑን ግን አጥብቄ አምናለሁ። ስለዚህ አንድ ዓመት ብራና የሚፍቅ፣ ታንኳ የሚሠራ፣ በእንዶድ ልብስ የሚያጥብ ሰው ይፈለግ ሲባል ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እኔ ወንበር ማደርደርና እንግዳ መቀበል ደረሰኝ።

መከራው ከማለዳ ጀመረ። መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ተለምኖ መጣ፤ ሲነሳ ጩኸቱ ንግግሩን ዋጠው፤ ወደ አጥሩ ጥግ ሲያርቁት ደግሞ ሽቦው አልደርስ አለ። ብራና ፋቂው መሪጌታ የፍየል ቆዳ በእንጨት ወጥረው ሲፍቁ ቆይተው እንግዳ ሰላም ለማለት ብድግ ሲሉ፣ የሰፈር ውሻ በኋላ በር ገብቶ ቆዳውን ከነመወጠሪያው ጎተተው። ልጆች ጮኹ፣ ሰው ሮጠ። ቆዳው ቢተርፍም አንድ ጥጉ ተቀደደ። መሪጌታ አልተቆጡም። መርፌና ጅማት አስመጥተው እዚያው ሰፉት። «ብራና ሲፋቅ መቀደዱ ያለ ነው። ተሰፍቶ ይጻፍበታል» አሉና ስፌቱን ልጆቹ በጣታቸው እንዲዳስሱት ፈቀዱ። እውነትም ነው፤ በጥንት ብራናዎች ላይ እንዲህ ያለ ስፌት በብዛት ይታያል። ቀዳዳው ሳይሰፋ የቀረ እንደሆነ ጸሐፊው ዘሎት ዓረፍተ ነገሩን ወዲያ ማዶ ይቀጥላል። እኔ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለ ገጽ ሳይ ጉዳት ብቻ ይታየኝ ነበር።

ታንኳ ሠሪው ብዙ አላወራም። ደንገሉን አስሮ አንዲት ትንሽ ታንኳ ገንዳው ዳር አስቀመጠና ጎኗ ተቀመጠ።

ከዚያ በእንዶድ የሚያጥቡት የእማማ ተራ ደረሰ። ደርቆ የጠቆረውን እንዶድ በጨርቅ ቋጥረው፣ ሙቀጫና ዘነዘናቸውን ከቤታቸው አሸክመው ነው የመጡት። ሲወቅጡት ብናኙ ፊት የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ያስነጥሰው ጀመር። ዱቄቱን ሰፊ ሳፋ ውስጥ በጥብጠው በእጃቸው መታ መታ ሲያደርጉት አረፋው ተነስቶ የሳፋውን ከንፈር አለፈ። ጋቢውን ነከሩት። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡና ይረግጡት ጀመር፤ ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት፤ ጨርቁን በእግራቸው እያገላበጡ፣ አንድም ጊዜ ወደ ታች ሳያዩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መድረክ መሪው የእንዶድን ጥቅም ከወረቀት ያነብ ነበር። ለሠርቶ ማሳያው አሥር ደቂቃ ተመድቦለታል፤ ማብራሪያውም አስቀድሞ ተጽፏል። እማማ ሁለት ጊዜ አንገታቸውን ቀና አድርገው አፋቸውን ከፈቱ። ማይኩ ወደ እርሳቸው አልዞረም።

ጋቢው ታጥቦ፣ ተለቅልቆ ማንጎው ላይ ሲሰጣ ዓይን የሚወጋ ንጣት ነበረው። ተጨበጨበ፤ ፎቶ ተነሣ። ቀጣዩ ዝግጅት እንዲገባ ሳፋው ቶሎ ይነሣ ተባለና አረፋው አበባ በሚያጠጣው ቦይ ላይ ተደፋ። ቦዩ ወደ ገንዳው ይወርዳል።

መጀመሪያ ያየው ታንኳ ሠሪው ነው። ብድግ አለና፣ «ብርብራ የጨመረ ማነው?» ብሎ ጮኸ። ጣና ዳር ላደገ ሰው ጥያቄው ግልጽ ነው፤ የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ላይ በመበተን ዓሣ ማስከር በዚህ አገር የቆየ ዘዴ ነው። ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ይቅማሉ፤ አንዳንዶቹ በጎናቸው መዋኘት ጀምረዋል። እማማ እርጥብ እግራቸውን ሳያደርቁ መጡ። «ብርብራ አይደለም፣ የእኔው እንዶድ ነው። ውኃውን የት ደፋችሁት?» አሉ። መልስ የሰጠ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዝግጅት የሚባል ነገር ቀረ። ልጆቹ ባልዲና የተቆረጠ ጀሪካን ይዘው ገንዳውን ከበቡ። አንዲት እንግዳ ነጠላዋን አውልቃ መረብ አደረገችው። ታንኳ ሠሪው እስከ ወገቡ ገብቶ ዓሣ በእጁ እየዘገነ ያቀብላል፤ እኛ ከጉድጓድ በተቀዳ ውኃ ወደ ሞላው በርሜል እንሮጣለን። ከትንንሾቹ አብዛኞቹ አለቁ። ከትልልቆቹ የተረፉ አሉ። ልጆቹ የሞቱትን ማንጎው ሥር ሲደረድሩ ሳይ አንጀቴ ተላወሰ።

ነገሩ ረገብ ሲል እማማ አጠገብ ተቀምጬ፣ ዓሣ እንደሚገድል ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እንዴት አላውቅም ልጄ?» አሉኝ። «ድሮ ወንዝ ስንወርድ ከብቱ ከላይ ይጠጣል፣ እንዶድ ከታች ይታጠባል። የእንዶድ ውኃ ዓሣውንም አልቅቱንም ይፈጃል። ጧት ልናገር ብል ጊዜ የለም አሉኝ።»

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አዛውንቶቻችንን ጥልፍ ቀሚስ አልብሰን ዓውደ ርእይ ላይ እናቆማለን፤ እጃቸውን እናሳያለን፣ አፋቸውን እንዘጋለን። የእማማ ዋና ቅርስ እኮ ያ ያልተነገረው ዓረፍተ ነገር ነበር።

ይህችው ዕውቀት ናት አንድ ጊዜ የዓለምን ጆሮ ያገኘችው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ የብልሃርዝያን ነገር ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። የብልሃርዝያ ተውሳክ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና ነገሩን ተከታተሉት። አረፋውን የሚያስነሣው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣውንም የሚገድለው ሆኖ ተገኘ፤ የእኛን ዓሦች የፈጀው እርሱው ነው። አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት በተካሄደው ሙከራ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ኋላ እንዶድ የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ያስቸገረውን ዜብራ ሙስል የተባለ ባለ ቅርፊት ፍጥረት እንደሚገድል ሲታወቅ፣ በዚያ አጠቃቀሙ ላይ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የአድዋ አጣቢዎች ስም በዚያ ወረቀት ላይ የለም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የዶክተር አክሊሉ ዓይን ነው፤ የተማሩ ሰው ሆነው ወንዝ ዳር ወርደው የልብስ አጣቢዎችን ሥራ ከቁም ነገር ቆጠሩት።

በግምገማው ስብሰባ ላይ፣ ከእንግዲህ እንዶድ ጓሮው ውስጥ አይግባ ያሉ ነበሩ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በብርቱ ተቃወመች፤ እኔም ከእርሷ ጋር ቆምኩ። በመጨረሻ ቦዩ አቅጣጫው እንዲቀየር፣ ባለሙያ ሁሉ ከሠርቶ ማሳያው በፊት በራሱ አንደበት እንዲናገር፣ ልጆቹም የሚባለውን በደብተር እንዲጽፉ ተስማማን። ደብተሩ አሁን መደርደሪያ ላይ ነው፤ የሚዋስ አለ። የመጀመሪያውን ገጽ ያስጻፉት እማማ ናቸው፦ ፍሬው ሳይቀላ፣ አረንጓዴ እንዳለ ይለቀማል፤ በጥላ ይደርቃል፤ እጥበቱ ከከብትና ከዓሣ ውኃ በታች ይሁን። ሁለተኛው ገጽ ላይ መሪጌታ ስለ ስፌታቸው አስጽፈዋል፤ ውሻውም እዚያ ገብቷል።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ከገንዳው ርቆ፣ በአጥሩ ወዲያኛው ጥግ እንዶድ እንተክላለን። እማማ ቁራጩን ካገኘንበት ቆርጠን እንዳናመጣ አስጠንቅቀውናል፤ እንዶድ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ነው፣ ወንዴው ደግሞ አያፈራም። ስለዚህ ቁጥቋጦዎቹ ፍሬ እንዳላቸው አስቀድመው ሊያዩ ከሁለት ልጆች ጋር በመጪው ቅዳሜ ይወጣሉ። አንደኛዋ ልጅ ደብተሩን ትይዛለች።