ድረ ገጽዎን ለማስጨፈር ላሰቡ

ድረ ገጽ ሊያሠሩ ነው? እንግዲያው ስልክ ቁጥርና አድራሻ ብቻ አስቀምጦ ዝም የሚል ገጽ ይዘው ሰው ፊት እንዳይቀርቡ። ገጽ መንቀሳቀስ አለበት፤ መብረር፣ መሽከርከር፣ ከተቻለም መዝፈን። ለዚህ ሙያ፣ የድረ ገጽ ተንቀሳቃሽ ሥዕል መሥሪያ ከነበረው ከፍላሽ የተሻለ አስተማሪ አልነበረም። ሞቷል ብለው ትምህርቱን እንዳይንቁ፤ ጠባዩን የወረሱ ሞልተዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የፍላሽን አመጣጥ ይወቁና ወዲያው ይርሱት። ጆናታን ጌይና ባልደረቦቹ በ1996 ፊውቸርስፕላሽ አኒሜተር ብለው ሲያወጡት፣ ዓመቱ ሳያልቅም ማክሮሚዲያ የተባለው ኩባንያ ገዝቶ ፍላሽ ሲለው፣ ትልቁ ጸጋው ቅለቱ ነበር። ሥዕልን በነጠብጣብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ መግለጫ ስለሚያስቀምጥ፣ በስልክ መስመር የሚንፏቀቀው የዚያ ዘመን ኢንተርኔት እንኳ ይሸከመው ነበር። እርስዎ ይህን ቅለት አይቀበሉ። ፎቶግራፍ ይጫኑበት፤ ሙዚቃ ይደርቡበት። ፋይሉ 700 ኪሎባይት ሲደርስ፣ በ56 ኪሎቢት ሞደም የሚመጣ ጎብኚ መስመሩ ምንም ሳያንገራግር እንኳ 100 ሰከንድ ይጠብቃል። ስለ ድርጅትዎ የሚያሰላስልበት ጥሩ ጊዜ ነው።

እንዳይሰለቸው በመቶኛ የሚቆጥር መጠበቂያ ያስቀምጡለት። እዚህ ላይ አንድ የሙያ ምስጢር ላካፍልዎ፦ ድምፆቹና ምስሎቹ በሙሉ በመጀመሪያው ፍሬም (የተንቀሳቃሽ ሥዕሉ አንድ ቅጽበት) ላይ እንዲጫኑ ይዘዙ። ያኔ መጠበቂያው ራሱ ከእነሱ ኋላ ይሰለፋል። ጎብኚው ባዶ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ቆይቶ፣ ቁጥሩ ብቅ ሲል ከግማሽ በላይ አልፎ ያገኘዋል። በፍጥነትዎ ይደነቃል።

ቀጥሎ ኢንትሮው፣ ማለትም የመክፈቻው ትርኢት ነው። እንግዳ በር ሲያንኳኳ፣ ከመክፈትዎ በፊት ከውስጥ ሆነው ቀረርቶ ያሰሙታል እንደማለት ነው። የድርጅቱ ስም ፊደል በፊደል ከየአቅጣጫው እየበረረ ይግጠም፤ ብልጭ ይበል፤ ይጥፋ፤ እንደገና ይምጣ። “ኢንትሮውን እለፍ” የምትለዋን ቁልፍ ከታች ጥግ ላይ፣ ከጀርባው በማይለይ ቀለም ያኑሯት። እንዳይቸኩሉብን ነው።

ድምፅን በተመለከተ ፍላሽ ምርጫ ይሰጥ ነበር። “ስትሪም” ካሉት ከሥዕሉ እኩል ይሄዳል፤ ሥዕሉ ሲቆም ይቆማል። “ኢቨንት” ካሉት ግን አንዴ ከጀመረ ሥዕሉ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ይዘፍናል። ኢቨንትን ይምረጡ። ከዚያ በመጨረሻው ፍሬም ላይ መግባት የነበረባትን፣ ስቶፕ የምትባለውን አንዲት ትእዛዝ ይርሷት። ታይምላይኑ (የፍሬሞቹ ሰልፍ) ዞሮ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ የመጀመሪያው ዜማ ሳያልቅ ሁለተኛው ይነሣል፤ ሦስተኛው ይደርባል። በአንድ ድምፃዊ የጀመረ ገጽ ሳይውል ሳያድር መዘምራን ያፈራል። ጎብኚው መሥሪያ ቤት ከሆነ አለቃውም ይሰማልዎታል፤ የነፃ ማስታወቂያ ነው።

የምኮራበት ምክር ግን ስለ ቁልፎች የምሰጠው ነው። የፍላሽ ቁልፍ አራት ፍሬም አለው፦ እንዲሁ ሲታይ፣ ማውስ ሲያርፍበት፣ ሲጫኑት፤ አራተኛው ለዓይን የማይታየው “ሂት” ነው። ሥራው የቁልፉ ድንበር እስከ የት እንደሆነ መወሰን ነው። አስተዋይ ሠራተኛ እዚያ ላይ ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን ይሥላል። እርስዎ ምንም ሳይነኩት ይተዉት። ያኔ ቁልፉ የሚሰማው የፊደሎቹን ቀለም ብቻ ይሆናል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አይቆጠርም። “ዐውደ ርእይ” ብለው በቀጭን ፊደል ጽፈው እንደሆነ ደግሞ የዐይኑ ዐ ሆድ ክፍት ነውና፣ ጎብኚው መሐሉን አነጣጥሮ በመታ ቁጥር ይስታል። ጠርዙን ሲያገኝ ቁልፉ ይበራል፤ እጁ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ይጠፋል። ገጽዎ ሌላ ባያተርፍ ተኳሽ ያፈራል።

ሁሉንም በአንድ የፍላሽ ፋይል ውስጥ መቆለፍዎንም አይርሱ። ጎብኚው ወደ ቀደመው ክፍል ልመለስ ብሎ የብራውዘሩን የኋሊት ቁልፍ ሲጫን ከነጭራሹ ከግቢዎ ይወጣል። ተጸጽቶ ሲመለስ ኢንትሮው ከአሐዱ ይጀምርለታል።

ተቺ ቢነሣ አይደንግጡ። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን በ2000 ፍላሽ 99 በመቶው መጥፎ ነው ብሎ ጻፈ፤ በ2002 ማክሮሚዲያ ለፍላሽ ሠሪዎች የሚሆን መመሪያ እንዲያዘጋጅ ያንኑ ሰው ይዞ ቀረበ። ስለዚህ የሰዳቢዎን ስልክ ቁጥር አይጣሉ። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ ግን ለዕርቅ የሚመች ሰው አልነበረም። በ2010 አይፎን ፍላሽን የማይቀበልበትን ምክንያት ዘርዝሮ ደብዳቤ አወጣ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ያ ማውስ ሲያርፍበት የሚበራው ቁልፋችን ነበር። ጣት ወይ ይነካል ወይ አይነካም፤ አያንዣብብም።

 

ማክሮሚዲያን በ2005 የጠቀለለው አዶቢ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ቀድሞ አስጠንቅቆ፣ በ2020 መጨረሻ ለፍላሽ የሚሰጠውን ድጋፍ አቋረጠ፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮም ማጫወቻው ራሱ አላጫውትም እንዲል አደረገ። እንዲህ ያለ ቀን ቢደርስብዎ ምን ያደርጋሉ? የደቡብ አፍሪካን የገቢዎች አገልግሎት ይመልከቱ። ከግብር ቅጾቹ አንዳንዶቹ በፍላሽ የተሠሩ ነበሩ። ብራውዘሮቹ ሁሉ በር ሲዘጉበት፣ እነዚያን ቅጾች የሚከፍት የራሱን ብራውዘር በዚያው ወር አወጣ። እርስዎም እንዲሁ ነው፤ ቅጹን ለመለወጥ አይድከሙ፤ ብራውዘር ያሠሩ። ደንበኛዎ እንደ ግብር ከፋይ ሌላ መሄጃ የሌለው መሆኑን ብቻ አስቀድመው ያረጋግጡ።