ጭማሪው ከመጣ ወዲህ

ደመወዜ ሳይጨመር እኔና ባለቤቴ በገንዘብ አንጣላም ነበር። በምኑ እንጣላ? ለቤት ኪራይ፣ ለጤፍ፣ ለዘይት፣ ለእድርና ለልጆች ትምህርት ቤት ተከፋፍሎ በማግሥቱ ያልቃል። ጭቅጭቅም ትርፍ ገንዘብ ይፈልጋል።

የጭማሪውን ወሬ ያበሰራት ባንኩ ነው። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጢው ሲል ቡና እየቀዳች ነበር፤ ጀበናውን ሳታስቀምጥ አነበበችው። “እንኳን ደስ ያለን!” አለችና ወዲያው ድልደላ ጀመረች። መብቷ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ሠርተው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው ይላል። አላነበበችውም፣ ግን ከሕግ አውጪዎቹ ጋር በሐሳብ አንድ ናት።

እሷ ለወንድሟ ሠርግ አለች። እኔ ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ አልኩ።

“ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ ስንት ክረምቱ! ዘንድሮ ምን ተገኘ?”

“ደመወዝ ተገኘ።”

“ታዲያ ወንድሜስ ዘንድሮ አይደል ሚስት ያገኘው?”

በዕውቀት ላሸንፋት ብዬ ዳንኤል ካነማንንና አንገስ ዲተንን ጠራሁ። ሁለቱም በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ገቢ በዓመት 75,000 ዶላር አካባቢ ከደረሰ በኋላ የዕለት ተዕለት ደስታው አብሮ አይጨምርም ብለዋል።

“በስንት ተመንዝሮ? ከሐምሌ 2016 በፊት ነው በኋላ?”

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ 4.3 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ ዶላሩ መቶ ብር ካለፈ ወዲህ ከ7.5 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። እኛ ሁለቱም ጋ ስላልደረስን ነገሩን ተውነው።

ደግሞ ሊቃውንቱም ቢሆኑ አልተስማሙም። ማቲው ኪሊንግስወርዝ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ደስታ ከዚያም በላይ ከገቢ ጋር ይጨምራል ብሎ ተነሣ። በመጨረሻ እሱና ካነማን ባርባራ ሜለርስን መሐል አስቀምጠው አብረው መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ውጤት ሁለቱንም ያስታረቀ ነው፦ ለብዙው ሰው ደስታው ከገቢው ጋር ይጨምራል፣ ቀድሞውንም ለከፋው ግን ከ100,000 ዶላር አካባቢ ወዲያ ፈቅ አይልም።

“አየህ፣ እነሱም ሽማግሌ ጠሩ” አለች።

እኛም የሠርጋችንን ሚዜ ጠራን። ዶሮ ወጡን እየበላ ሁለታችንንም በትዕግሥት ሰማ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ “እኩል ለሠርግ፣ እኩል ለቆርቆሮ” ብሎ ፈረደ። መርቆን ተነሣና በሩ ላይ ሲደርስ ጫማውን እያሰረ፣ “ለመሆኑ ጭማሪው ደህና ነገር ከሆነ፣ እስከ ወር መጨረሻ ትንሽ ብር ታበድሩኛላችሁ?” አለ።

ከጭማሪው ወዲህ እኔና ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል አፋችንን ከፈትን፦

“ከየት አባታችን አምጥተን!”