ዕድሜው የሚያከራክር ጩቤ

ከጥንት መሣሪያ ሰብሳቢ ጋር አገር መጎብኘት የሚባል ነገር የለም። ኢንዶኔዥያን ሌላው ሰው በባሕሯ ዳርቻ ያውቃታል፤ ወዳጄ በስለቶቿ። አቼ ስትሉት ሬንቾንግ፣ ካሊማንታን ስትሉት የዳያኮች ማንዳው፣ ሱላዌሲ ስትሉት የቡጊሶች ባዲክ ብሎ ይመልስላችኋል። ማዕከላዊ ጃቫ፣ ሶሎ ከተማ እንደገባንም ቁርስ ሳልቀምስ ትሪዊንዱ ወደሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነዳኝ። ክሪስ ሊገዛ ነው።

ክሪስ ባለሁለት ስለት ጩቤ ነው። ከእጀታው ሥር በአንድ በኩል ሰፋ ይላል፤ ስለቱ ወይ ቀጥ ያለ ነው፣ ወይ ግራ ቀኝ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የጥምዝምዙ ቁጥር ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው፦ 3፣ 5፣ 7 እያለ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 13 ይደርሳል። ቆጥራችሁ ሙሉ ቁጥር ከመጣላችሁ ጥፋቱ የአንጥረኛው ሳይሆን የጣታችሁ ነው።

ወዳጄ አንዱን መዘዘና ቆጠረ፤ 13።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ማጃፓሂት» አለ ሻጩ ዓይኑን ሳያሽ። በዚያ ጥንታዊ መንግሥት ዘመን ተሠራ ማለቱ ነው፤ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ። የጎረቤቱ ባለሱቅ ሳይጠራ መጣ፤ ስለቱን በጥፍሩ ነካ አድርጎ ድምፁን አዳመጠና «የለም፣ ማታራም ነው» ሲል ሁለት መቶ ዓመት ቀነሰለት። ከጥግ አንድ መነጽር ያደረጉ አዛውንት ተነሱ። መጀመሪያ ያዩት ፓሞሩን ነው፤ ኒኬል ያለበት ብረት ከሌላ ብረት ጋር እየተደራረበ ሲቀጠቀጥ የሚፈጠረውን፣ በሎሚ ጭማቂና በአርሰኒክ ሲታጠብ ፈክቶ የሚወጣውን ነጣ ያለ ጥለት። ቀጥለው ዝገቱን አዩ።

«ማዱራ» አሉ፤ «የአምና።»

በማዱራ ደሴት፣ ሱመነፕ ውስጥ፣ አንጥረኞቹ ዛሬም ክሪስ የሚቀጠቅጡበት መንደር አለ። ሥራው የእውነት ነው፤ ዝገቱ ብቻ በጥድፊያ የመጣ ነው።

ወዳጄ ጦፈ። «አንድ ብረት እንዴት ሦስት ዕድሜ ይኖረዋል? የተሠራበትን ዓመት ብቻ ንገሩኝ!»

አዛውንቱ አልተቆጡም። አንጥረኛው አብዛኛውን ጊዜ ስሙንም ዓመቱንም አይጽፍም፤ ዘመኑ ከብረቱ፣ ከቅርጹና ከእጅ አጣጣሉ ይገመታል፤ ግምቱም «ታንጉህ» ይባላል፤ ከአዋቂ አዋቂ ይለያያል አሉና፣ «አሁን ደግሞ ተራው ያንተ ነው፤ አንተ መቼ ተወለድክ?» ብለው ጠየቁት።

ብዙ ጃቫዎች ክሪስና ባለቤቱ መስማማት አለባቸው ብለው ያምናሉ። ሰባቱ የሳምንት ቀኖችና አምስቱ የገበያ ቀኖች የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ የተወለድክበት ቀን ሁለት ቁጥሮች ተደምረው ክብደትህ ይታወቃል።

ወዳጄ ፓስፖርቱን በኩራት ዘረጋ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1983። አዛውንቱ ስልካቸውን ነካኩ። ቅዳሜ ፓሂንግ፤ 9 ሲደመር 9፣ 18። ከዚህ በላይ ቁጥር የለም! ሻጩ ወንበር አቀረበለት። ወዳጄ ወንበሩ ላይ ሲንሰራፋ ምላሴን መግታት አቃተኝ።

«እናትህ የሚሉት ግን ጳጉሜን 6 አይደል እንዴ?»

ለጃቫዎቹ ማስረዳት የእኔ ዕዳ ሆነ። እኛ አሥራ ሦስተኛ ወር አለን፤ አምስት ቀን ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ይሆናል፤ ይህ ሰው የመጣው በስድስተኛዋ ቀን ነው፤ በኋላ በስደት አገር ቅጽ ሲሞላ ለአሥራ ሦስተኛ ወር የሚሆን ሳጥን ስላጣ ጃንዋሪ 1 ላይ ሰፈረ። ጳጉሜን 6 ቀን 1975 በእነሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1983 ነው። ስልኩ እንደገና ተነካካ። እሑድ ክሊዎን፤ 5 ሲደመር 8፣ 13።

አዛውንቱ ባለ 13 ጥምዝምዙን ክሪስ አዩ፤ ወዳጄን አዩ።

«ትክክለኛው ልደትህ የትኛው ነው?»

«በወረቀት የጃንዋሪው፣ በእናቴ የጳጉሜኑ።»

«እንግዲያው አንተም በታንጉህ ነህ» አሉት።

ከዚያ ሌላ ነገር ጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የቅርስ ሕግ ዕድሜው 50 ዓመት የሞላው ዕቃ ቅርስ ሊባል ይችላል፤ ቅርስ ደግሞ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ማጃፓሂት ከሆነ ሶሎ ይቀራል ማለት ነው።

ወዳጄ እንደዚያ ቀን ሐሳቡን ሲለውጥ አይቼው አላውቅም። «ይቺን ዝገት እዩአት፣ የአሲድ ናት!» እያለ አዲስነቱን መከላከል ያዘ። ሻጩ ደግሞ ዋጋውን የሰፈረው በማጃፓሂት ስለነበር ለስድስት መቶው ዓመት ጥብቅና ቆመ። ሲከራከሩ ዋጋው ከማጃፓሂት ተነሥቶ፣ ማታራም ላይ ጥቂት አርፎ፣ ማዱራ ላይ ቆመ። ደረሰኙም «አዲስ የእጅ ሥራ» ተብሎ ተጻፈ።

ዛሬ ክሪሱ ወዳጄ ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ ስለ ዕድሜው ከጠየቀ መልሱ «ስድስት መቶ ዓመት» ነው። በወረቀት የአምና፣ በባለቤቱ አፍ የማጃፓሂት። እንዲህ ያለውን ክሪስ ሁለት ልደት ላለው ሰው የሸጡት ጃቫዎች መስማማት ያሉትን ነገር ሳያውቁበት አልቀሩም።