የገንፎ ጥቅል

«ውድ ደንበኛችን» የሚል መልእክት በመጣልኝ ቁጥር ደስታዬን አልችለውም። እናቴ እንኳ እንዲህ አቆላምጣኝ አታውቅም። የስልክ ኩባንያው ምን ማየት እንዳለብኝ ሳይቀር አስቦ ጨርሶልኛል፤ የፌስቡክ ጥቅል፣ የቴሌግራም ጥቅል፣ የቲክቶክ ጥቅል። ኢንተርኔቱን ሙሉውን ካልኩ ግን ዋጋው ሌላ ነው።

ጥበቡ ጎጃም ውስጥ፣ ፈረስ ቤት ከተማ ላይ ይደምቃል። ሥራ የሚፈልግ ተመራቂ ርካሹን የቴሌግራም ጥቅል ይገዛል። የሥራ ማስታወቂያ ይመጣለታል፤ አንብቦ ሲጨርስ ከሥሩ «ለማመልከት ይህን ይጫኑ» የሚል ያገኛል። ይጫናል። ነጩ ገጽ ላይ ክቧ ነገር ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፤ ቅጹ ያለው ከቴሌግራም ውጭ ነዋ! ማስታወቂያውን እንዲያይ ተፈቅዶለት የለ፣ ምን ጎደለበት?

የሚቆጨኝ ይህ ብልሃት ስልክ ላይ ብቻ መቅረቱ ነው። ወፍጮ ቤቶቻችን እስካሁን በኪሎ ማስከፈላቸው ያሳፍራል። ባለወፍጮው እህሉን ከመቀበሉ በፊት «ምን ሊሠራበት ነው?» ብሎ ይጠይቅ እንጂ! ለገንፎ ከሆነ የገንፎ ጥቅል አለ፤ ርካሽ ነው። ከዚያው ዱቄት ቂጣ ልጋግር ያለች እንደሆነ ግን ምጣዱ አይግልላት። ለጠላ ከሆነ ተጨማሪ ትክፈል። አራስ ጥየቃ የመጣች ጎረቤት ገንፎውን ከመቅመሷ በፊት ትመዝገብ፤ ጥቅሉ ለአንድ ቤት ብቻ ነው። የሌሊት ጥቅልም ይኑር፤ አህያዋን ጭና በእኩለ ሌሊት ለደረሰች በግማሽ ዋጋ ይፈጭላት፣ ጅብ ካልቀደማት። በ24 ሰዓት ያላለቀ ዱቄት ከነአቁማዳው ይቃጠል። ሴቶቹ ገንፎውን ከበው እልል ሲሉም ከበሩ ላይ አንድ ሰው ይጩህ፤ «ውድ ደንበኛችን፣ የገንፎ ጥቅልዎን 75 በመቶ ተጠቅመዋል!»

በቃ፣ ቂልነት ነው፤ ስልክ ላይም ያው ነው። ሜጋባይት ሜጋባይት ነው። የኔትወርክ ማማው ጭፈራ ቢያደርስ የሕክምና ምክር ቢያደርስ ድካሙ ያው ነው። አሁን የሆነው ወሬው በርካሽ እየገባ፣ ወሬው እውነት መሆኑ የሚጣራበት ገጽ በውድ መሸጡ ነው።

ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም። በ2008 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቫይበርና ዋትስአፕን በመሰሉ መተግበሪያዎች ላይ የተለየ ክፍያ ለመጣል ማሰቡ ተሰምቶ ነበር። በዚያው ዓመት የሕንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በይዘት እየለዩ የዳታ ዋጋ ማውጣትን ከለከለ፤ የተመረጡ ገጾችን ብቻ በነፃ የሚከፍተው «ፍሪ ቤሲክስ» የተባለው የፌስቡክ ስጦታም ከዚያ አገር ወጣ። በነፃ ሲሰጧቸው እምቢ ያሉ ጉደኞች!

የዳታ እኩልነትማ እኛም ጋ ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ፍኖተ ሰላምም፣ ቡሬም፣ ፈረስ ቤትም፣ ባለፌስቡኩም ባለቲክቶኩም በአንድ ጥቅል ገባ፤ በባዶ።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲቋቋም ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ የተጠቃሚውን ጥቅም መጠበቅ ነው። እንግዲህ ይጠብቅልን፤ ኩባንያዎቹ ዳታውን በሜጋባይት ይሽጡልን፣ ምን እንደምንከፍትበት ለእኛ ይተዉልን።