ስለ ላሟና ስለ ኢሜይል አመላለስ

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፤ ደሴ።

በጽሑፍ ለመጣ ነገር መልስ ሲሰጥ የትኛው ነገር እንደተመለሰ ማመልከት የደብዳቤ ሥርዓት ግዴታ ሲሆን፣ ጋሼ 30 ዓመት ባገለገሉበት መዝገብ ቤት ይህ ግዴታ «በቁጥር ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን በተጻፈ ደብዳቤ የጠየቃችሁንን በሚመለከት» በምትል ሐረግ ይፈጸም ነበር፤ የመጣው ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል እንጂ ተገልብጦ ለጻፈው ሰው አይመለስም። ኢሜይል ግን ፋይሉን ከነአቧራው ለባለቤቱ ይመልሳል።

የዚህ ልማድ ስም በጀርመን አገር «ቶፉ» ሲሆን፣ «ጽሑፍ ከላይ፣ ሙሉ ጥቅስ ከታች» ከሚሉት የጀርመንኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ነው፤ ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ ስምም በመሆኑ፣ ለጾም እንጂ ለደብዳቤ የሚስማማ አይደለም። በጥቅምት 1995 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ አርኤፍሲ 1855 የተባለው የኢንተርኔት ጨዋነት መመሪያም መላሹ ነገሩን ለማስታወስ የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲጠቅስ ይመክራል።

ጋሼ ባለፈው ሰኞ የላኩት መልስ «ደርሶኛል» የሚል አንድ ቃል ሲሆን፣ ከሥሩ የእኅታቸው ልጅ የጻፈው ረጅም ደብዳቤ ከነሰላምታው ተከትሎት ነበር፤ ተቀባዩም ባቡር ውስጥ ቆሞ ከመካከል ጀምሮ ሲያነብ «ላሟ ወለደች ወይ? ጥጃውስ ጠና?» ከሚለው ደርሶ፣ ፍራንክፈርት ባለችው አንድ ክፍል ቤቱ ላም እንደሌለች ጋሼ እንዴት ዘነጉት ብሎ እስከ ሁለት ፌርማታ ድረስ ተጨንቋል። ጥፋቱ በእርግጥ የጋሼ ሳይሆን፣ መጻፊያውን ሁልጊዜ ከላይ የሚያቆመው የስልኩ ነው። ሆኖም «ገንዘቡ በማን ስም ይላክ?» የሚለው ጥያቄም እንደ ላሟ ሳይመለስ ስለተመለሰ፣ ገንዘቡ እስካሁን ፍራንክፈርት ይገኛል።

መድኃኒቱ ሌላውን ሁሉ ደምስሶ፣ በጦር ጫፍ መሰል ምልክት ከተለየው ጥያቄ ሥር መልሱን ማስፈር ነው፦

> ገንዘቡ በማን ስም ይላክ?
በእትዬ ስም።

በኢሜይሉ ርዕስ ላይ የምትታየው «ሪ» ከላቲን የመጣች ሆና ትርጉሟ «ነገር፣ ጉዳይ» ስለሆነ፣ ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን «ጉዳዩ፦» ብለው ከጻፏት የተለየች አይደለችም። የጀርመን ኢሜይል ግን «መልስ» ለማለት «አ.ቬ» የሚል ምሕጻር ስለሚጨምር፣ የአሁኑ ደብዳቤ ርዕስ «አ.ቬ፦ ሪ፦ አ.ቬ፦ ሪ፦ ስለ ላሟ» ሆኗል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለእትዬ (በስማቸው ይላክ እንደሆነ)