በእግሩ ይምጣ

ተሳዩ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ሲሆን ጽድቁ ለማን እንደሚጻፍ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

እኔ ምጥ ላይ ሳለሁ አማቴ «ገብርኤል ሆይ፣ በሰላም አገላግልልኝ እንጂ ልጁን ቁልቢ በእግሩ አመጣልሃለሁ» ብለው ተሳሉ። በእግሩ! ልጁ እግር እንዳለው የደረሰበት ገና በቅርቡ ነው፤ እስካሁን የሚጠቀምበትም አፉ ውስጥ ለመክተት ብቻ ነው። አማቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በመኪና ቀደሙን። ልጁ በማን እግር እንደሄደ ገምቱ።

ስለት አልጠላም። ቁልቢ ራሱ የስለት አገር ነው። ራስ መኰንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ ድል አድርገው ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይነገራል። ግን ልብ በሉ፦ የተሳሉት እሳቸው፣ የዘመቱት እሳቸው፣ ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። ምራት አልላኩም። ሐናም ብትሆን ሳሙኤልን የተሳለችው ራሷ ነች፤ ያውም ጡት እስክታስጥለው ድረስ ቤቷ ቁጭ ብላ ጠብቃለች። ይህን ለአማቴ ጥቅስ ጠቅሼ ባስረዳቸው «ሐና የድሬ ልጅ አይደለችማ!» አሉና ቡናቸውን ፉት አሉ።

የታኅሣሥ ገብርኤልን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ድሬዳዋ በሙቀት ሸኝታችሁ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ስትጨርሱ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ስለዚህ ልጁ ካልሲ ያስፈልገዋል። መከራዬም የሚጀምረው ከካልሲው ነው። ልጁ ጀርባዬ ላይ በአንቀልባ ታዝሏል፤ እግሩን አገር ምድሩ ያየዋል፣ ከእኔ በቀር።

«እናት፣ ካልሲው!»

«አንቺ እህት፣ የልጁ እግር!»

አንዱ ጎረምሳ ያቺን ግራ ካልሲ ከታች ከመታጠፊያው አንስቶ ዳገቱን እየሮጠ አመጣልኝ። መረቅሁት። አልብሼው ሃያ እርምጃ ሳልሄድ አንዲት ሴትዮ ደረሱብኝ፤ «ኧረ ልጁ በላብ ተጠመቀ፣ አውልቂለት!» አወለቅሁ። ቀጥሎ የመጡት ባልና ሚስት «ንፋስ እግሩን ይመታዋል» አሉ። አለበስሁ። «አቦ፣ አፈንሽው እኮ!» አለ ሌላው። ባለቤቴ ውሃና ጧፍ የያዘውን ቦርሳ ተሸክሞ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ እሱን «ቦርሳህ ተከፍቷል» ያለው እንኳ የለም።

በዚያ መንገድ ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድም አለ። ትልቅ ድንጋይ ነው፤ ትከሻ የሚያጎብጥ። ሰው ሲያየው መንገድ ይለቅለታል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ «አይዞህ፣ ያድርስህ» ይለዋል። እኔም ዝም ብዬ ድንጋዩን ቀናሁበት። ድንጋይ አያለቅስም፣ አይሸናም፣ ጡት አይልም። «ወንድሜ፣ ድንጋዩን ብርድ መታው፣ ቆብ አድርግለት» የሚልም አልሰማሁም። ድንጋዩ ካልሲ ቢኖረው ግን የሚሰማ ይመስለኛል።

ደንገጎን ካለፍን በኋላ አንድ ሰውዬ ተጠጋኝ። እጁ ላይ ከውሃ ኮዳ በስተቀር ምንም የለም። ጎኔን ይዞ እየሄደ ጡት የሚጠባ ልጅ ለእንዲህ ያለ መንገድ እንደማይወጣ ሲያስተምረኝ ቆየና፣ መጨረሻ ላይ «ለመሆኑ አንቺ ምን ዓይነት እናት ነሽ?» አለኝ። እዚህ ላይ ሳቄ አለቀ። ያው መንገድ ላይ፣ በዓሉ ባለፈ ማግስት፣ ልጅ በጀርባዋ አዝላ በላዩ ላይ የማገዶ እንጨት ጭና ገበያ የምትወርድ ሴት አለች። ከበዓሉም በፊት ነበረች። ስለ እሷ ልጅ ካልሲ የተጨነቀ ማን ነው? ካልሲ የሚባል ነገርስ አለው ወይ? ይህን ሁሉ ሌሊት ሲመክሩኝ ካደሩት መካከል «አምጪው፣ እስከዚያ ማዶ እኔ ላዝለው» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። ምክር አይከብድም፤ ልጅ ይከብዳል። ይህንኑ ለሰውዬው ነገርሁት፣ ትንሽም ጮኼ። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደኋላ ዞሮ አየኝ።

ቁጣዬን የወሰደችብኝ መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላ ሙስሊም ሴት ነች። አልመከረችኝም። አንቀልባውን ፈታች፣ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ከአሮጌ ሻሽዋ ጫፍ ሁለት ቀጭን ክር ቀደደች፤ ካልሲዎቹን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አጥብቃ ሳይሆን አላልታ፣ አንድ ጣት እያስገባች እየለካች አሰረቻቸው። ከዚያ ሻይ ቀዳችልኝ። ሒሳብ ስጠይቃት እጇን አወናጨፈች።

ቁልቢ ስንደርስ ሰው በሰው ላይ ነበር። ጥላ የያዘ፣ ሻማ የያዘ፣ ክርስትና የሚያስነሱ እናቶች። አማቴ ተኝተው፣ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው ጠበቁን። ልጁን ከጀርባዬ ተቀበሉና ወደ መቅደሱ አዙረው ከፍ አደረጉት፤ «ይኸው፣ እንዳልሁህ በእግሩ መጣልህ!» ገብርኤልም አላረማቸውም።

አሁን ደግሞ ስለ ሐምሌ 19 ማውራት ጀምረዋል። የሐምሌው ገብርኤል የቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ ነው፤ ቂርቆስ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ በፈላው ውሃ ፊት እናቱን «አይዞሽ» ያላት ነው ይባላል። የእኔው ልጅ በሦስት ዓመቱ እንዲህ ካለኝ እሰየው፤ አማቴ ግን የሚያወሩት ስለ እሱ አይደለም፣ «እህት ያስፈልገዋል» እያሉ ነው። ባለቤቴ በበኩሉ ያኔ ከድሬ ሳይሆን ከሐረር በኩል እንነሣ ይላል። ዳገቱ ይቀላል ባይ ነው፤ የሐረር ሰዎች ግን አይስማሙም። እሱን የሚያስጎመጀው የሐሮማያ ሐይቅ ነው። ደርቆ ከብት ሲግጥበት አይቶ ነበር፣ ውሃው ተመልሷል ሲባል ሰምቶ ልቡ ተነሥቷል። ቦርሳውን ማን እንደሚይዝ ገና አልተነጋገርንም።