የመጨረሻዋ አንድ ሜትር

ከአሜሪካ የመጣ ቴሌቪዥን ሁለት ጊዜ ይፈተሻል፤ አንዴ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አንዴ ደግሞ የተላከለት ሰው ሳሎን። የሚከብደው ሁለተኛው ነው። ቦሌ ላይ ቢበዛ ቀረጥ ተከፍሎ ይታለፋል። ሳሎን ውስጥ ግን ዘመድ፣ ጎረቤትና ቡና ጠጪ ተሰብስቦ "እስኪ ክፈቱት" ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጣጣ ከተሰበሰበው ሰው መሀል መነጽር ባደረገው ላይ ይወድቃል። በእኛ ቤተሰብ መነጽር የማደርገው እኔ ነኝ። ለማንበቢያ ብቻ የታዘዘ ነው ብል ማን ይሰማኛል?

ለአክስቴ ቴሌቪዥኑን የላከችላት ሜሪላንድ የምትኖረው ልጇ ናት። ባለ 43 ኢንች፣ እንደ ትሪ የሳሳ ነው። የአክስቴ ቡፌ የተሠራው ግን ባለ 21 ኢንቹ ጀርባም ቴሌቪዥን በነገሠበት ዘመን ስለሆነ አዲሱ መስኮቱ ውስጥ አልገባ አለ። "ቡፌውን ቆርጠን እናስፋው" ያለም ነበር፤ አክስቴ ዓይኑን አይታ ዝም አሰኘችው። በመጨረሻ ጠረጴዛ ተፈልጎ፣ ዳንቴል ተነጥፎለት ተቀመጠ።

ሶኬት ልሰካ ስል ጎረቤታችን ሻምበል "ቁም!" አሉኝ። ሻምበል በውትድርና ዘመናቸው መገናኛ ክፍል ስለነበሩ ገመድ ያለው ነገር ሁሉ እሳቸውን ያገባቸዋል። "ጀርባውን ሳታነብ የአሜሪካ ዕቃ አትሰካም። እኔ ስንቱን ሲጨስ አይቻለሁ።" እውነታቸውን ነው። አሜሪካ ቤት ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ይሠራል የሚል ከተጻፈ ግድ የለም፤ የአክስቴ ግን "120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ" ብሎ እቅጩን ተናግሯል። ትራንስፎርመር ተገዛ። ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ከባዱ እሱ ነበር።

ከዚያ ወደ ሪሲቨሩ። አክስቴ ሪሲቨር የቀየረችው ኢትዮሳት በ2012 ዓ.ም. ሲጀመር ነው። ያን ሰሞን የአዲስ አበባ ጣሪያ ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ናይልሳትን ፍለጋ ወደ ምዕራብ አንጋጦ የኖረው ዲሽ ሁሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ሲያዞር፣ ከጣሪያ "አሁንስ?" ከሳሎን "መጣ! ኧረ ሄደ! መልሰው!" ሲባል የዋለበት ጊዜ ነው። ሪሲቨሩ ግንባሩ ላይ "ኤችዲ" የሚል ተጽፎበታል። ከድሮው ቴሌቪዥን ጋር ያገናኘው የነበረው ግን ያው ሁላችንም ቤት ያለው ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ነው፦ ቢጫው ለምስል፣ ቀዩና ነጩ ለድምፅ። እሱኑ ነቅዬ አዲሱ ላይ ሰካሁት።

ዜና ነበር። ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ። ምስሉም መጣ፣ ግን ጥቁርና ነጭ ሆኖ።

ሳሎኑ ለአፍታ ጸጥ አለ። አክስቴ ስኒውን አስቀመጠችና "ልጄ የላከችልኝ የጃንሆይን ዘመን ቴሌቪዥን ነው?" አለች። ቀልድ አልነበረም፤ እሷ የምታስታውሰው ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ሕዝቡ ቀለም ያየው ኢሠፓ ሲመሠረት፣ በ1977 መግቢያ ላይ ነው። "ደርግ እንኳ ቀለም ሰጥቶናል፣ አሜሪካ እንዴት ይነሳናል?" ስትል የሚመልስላት ጠፋ። ቀጥላ ልጇ ላይ አዘነች፤ "አታለዋት ነው። ድሮም የዋህ ናት።"

ልጅቱም አልተታለለችም፣ ቴሌቪዥኑም አልተበላሸም። አሜሪካኖች የቀለም ሥርዓታቸውን የወሰኑት በ1953 እ.ኤ.አ. ሲሆን ስሙ ኤንቲኤስሲ ነው። ፓል የሚባለው ደግሞ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቴሌፉንከን ውስጥ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው መሐንዲስ ቫልተር ብሩክ ያወጣው ነው፤ አብዛኛው ምዕራብ አውሮፓ ያንን ያዘ፣ እኛም ያንኑ። እኛ አገር የሚሸጥ ቴሌቪዥን ሁለቱንም ይሰማል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ግን ከሰፈሩ ወጥቶ እንደማያውቅ ሰው የራሱን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ በቢጫው ገመድ ፓል ሲመጣለት ቅርጹን ይለያል፣ ቀለሙን ግን አይረዳም። መድኃኒቱ ሪሲቨሩ ውስጥ አለ። ሜኑ ተከፍቶ፣ የቲቪ ሲስተም የሚለው ተፈልጎ፣ ፓል የነበረው ኤንቲኤስሲ ሲደረግ አቅራቢዋ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ብቅ አለች። እልልታው ቀለጠ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስታው ነበር። ግን ሻምበል አላጨበጨቡም። ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ፣ ራቅ፣ እንደገና ጠጋ አሉና "ይኼ ኤችዲ አይደለም" ብለው ፈረዱ። "ከአሮጌው በምን ተሻለ? በስፋቱ ብቻ!"

እዚህ ላይ እኔም ከሻምበል ጋር ነኝ፤ ያልተነገረለት የብዙ ሳሎን ምስጢርም ይኼው ነው። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ምስል 1,920 በ1,080 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ ከሁለት ሚሊዮን ይበልጣል። በቢጫዋ ገመድ የሚያልፈው የድሮው ደረጃ ግን ቢበዛ 720 በ576 ነው፣ አምስት አንዱ መሆኑ ነው። የቀረውን ቴሌቪዥኑ በግምት ይሞላዋል። እስቲ አስቡት፦ ምስሉ ከሳተላይቷ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ተነሥቶ፣ ደመናውን በጥሶ፣ የአክስቴን ጣሪያ አግኝቶ፣ ሪሲቨሩ ድረስ ምንም ሳይሆን ይደርሳል፤ ከሪሲቨሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ባለችው በመጨረሻዋ አንድ ሜትር ላይ ይረግፋል። በዚህ ዓይነት "ኤችዲ ገዛን" ብሎ ደስ ብሎት የሚኖር ቤት ስንት ነው! ደፍሮ "ልዩነቱ አልታየኝም" የሚል ግን የለም፤ ዋጋውን ያውቁታላ።

የሚያስፈልገው ኤችዲኤምአይ ገመድ ነው። ከዕቃ መሸጫው ልጅ ጋር ይህን ተነጋገርን፦

"ይኼ ኖርማል ነው፣ ይኼ ደግሞ ጎልድ ነው፣ ኦርጂናል።"

"ኦርጂናል የምን?"

"ኦርጂናል ነዋ ጋሼ!"

ለአንድ ሜትር ተኩል ወርቅ አያስፈልግም። በዚህ ገመድ የሚያልፈው ቁጥር ነው፤ ከደረሰ ይደርሳል፣ ካልደረሰ ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ይጠፋል፤ ወርቁ ቀሚሱን የበለጠ ቀይ አያደርገውም። ልጁ ኖርማሉን ሲጠቀልልልኝ በጣም አዘነልኝ።

ገመዱ ተሰካ፣ በሪሞቱ ሶርስ የሚለው ተነክቶ ኤችዲኤምአይ አንድ ተመረጠ። ጭልም! ድምፅም የለ፣ ምስልም የለ፤ "ይህ ዓይነት ምስል አይደገፍም" የሚል ጽሑፍ ብቻ። አክስቴ በዚህ ጊዜ ማርያምን መጥራት ጀምራለች። ጥፋቱ አሁንም የአገር ልዩነት ነው፤ ሪሲቨሩ ምስሉን የሚልከው በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ቴሌቪዥኑ የለመደው 60። ሪሲቨሩን ለማስተካከል ሜኑውን ማየት ያስፈልጋል፣ ሜኑውን ለማየት ደግሞ ሪሲቨሩ መስተካከል አለበት። ማምለጫው ግን አጠገባችን ነበር፦ ቢጫዋን ገመድ ሳይነቅሉ ሶርሱን ወደ ኤቪ መልሶ፣ በደብዛዛው ምስል ሜኑውን ከፍቶ፣ 1080 በ60 የሚለውን መርጦ እንደገና መሻገር። አንዳንድ ሪሞት ላይ "ቪ ፎርማት" የምትባል ማንም ነክቷት የማያውቅ ቁልፍ አለች፤ እሷን ደጋግሞ በትዕግሥት መጫንም ያው ነው።

መጣ። ከአቅራቢዋ ጀርባ ያለው የከተማ ፎቶ መስኮት በመስኮት ይቆጠራል። ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ብቻ ትንሽ ያነክሳል፤ 50ውን ወደ 60 ሲያብቃቁት የሚመጣ ነገር ስለሆነ ታገሡት። ሻምበል በመጨረሻ አጨበጨቡ። አክስቴ ግን አቅራቢዋን በዝምታ ስትመረምር ቆይታ "ይቺን ልጅ ምን ነካት? ትናንት ደህና አልነበረች እንዴ?" አለች። ኤችዲ ፓውደር ይቅር አይልም።

እኔ ድካሜ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የድሮ ድራማ የሚደግም ጣቢያ እስኪከፈት ድረስ። የድሮው ምስል 4 በ3 ነው፣ አዲሱ ቴሌቪዥን 16 በ9፤ ሙሉውን ስክሪን ይሙላ ከተባለ ሰው ሁሉ በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል። ቀጭኑ ተዋናይ ባለ ሀብት መስሎ ገባ። ወደ ትክክለኛው መጠን መለስኩት፤ ግራና ቀኝ ጥቁር ሆነ።

"ምን አደረግኸው?"

"እቴቴ፣ ትክክሉ ይኼ ነው፤ ያኔ ሰዎቹ ወፍራም ሆኑ እኮ።"

"ታዲያ ቢወፍሩ ምናቸው ተነካ? አማረባቸው እንጂ! ቀረጥ የተከፈለው ለሙሉው ነው። መልሰው።"

ሻምበል እንኳ ከእሷ ጋር ወገኑ። መለስኩት። እስከ ዛሬም በአክስቴ ቤት የከሳ ሰው የለም።

እንግዲህ እናንተ ባሕር ማዶ ያላችሁ፣ ለእናት ለአባት ቴሌቪዥን ልትልኩ ያሰባችሁ፦ ዱባይና እስራኤል ያላችሁ ብዙም አትጨነቁ፤ የዚያ አገር መብራትም የቀለም ሥርዓትም ከእኛው ጋር ይገጥማል፣ የሶኬቱ ጥርስ ነው የሚለየው። አሜሪካ ያላችሁ ግን ካርቶኑን ከማሸጋችሁ በፊት አዙሩትና ጀርባውን አንብቡ፤ 240 የሚል ከሌለው እዚያው ይቅር፣ ገንዘቡን ላኩና እዚህ ይገዛ። የግድ የሚመጣ ከሆነም አንድ ኤችዲኤምአይ ገመድ ሻንጣ ጎን ሸጉጡበት፤ ኖርማሉ ይበቃል።